ጎርፉ ቀድሞ ከሚገባበት ሰፈር እንጀምር

ግንቦት እየተገባደደ ነው። ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እኛ የሉማሜ ከተሜዎችስ ምን እያየን ነው? ቦዩን አይተነዋል? በደጃችን የሚያልፈውን፣ በፌስታልና በባዶ ሃይላንድ የተደፈነውን፣ አምና ሐምሌ አልፈስ ብሎ ወደ ሰው ጓዳ የዞረውን ያንን ቦይ?

ውጡና እዩት። ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ውጡና እዩት።

እኔ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። ከአስፋልቱ ዳር ተነሥቼ ውኃው በሚሄድበት ቁልቁል ሄድኩ። ከላይ ቦዩ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ሰፊ ነው። ዝቅ ሲሉ ይጠባል። ከዚያ በታች ቦይ የሚባል ነገር የለም፤ ውኃው ራሱ የቀደደው ፈፋ ብቻ ነው። ፈፋው የሚያልቀው ደግሞ በጭቃ ቤቶች መካከል ነው። ከአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ያምናው ጎርፍ የተወው መስመር አለ። ባለቤቷ በላዩ ጭቃ መርጋለች፤ መስመሩ ግን ከሥር ወዝቶ ወጥቷል።

ያ መስመር አልለቀቀኝም። ስለዚህ እጽፍላችኋለሁ።

ሰማዩ ጠባዩን ለውጧል። ይህን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለእኛ የነገረን እሱ ነው። ዝናቡ ሲዘገይ ዘር ያስመክናል፤ ሲመጣ ደግሞ የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል። የተሸከመውን ሲጥለው ታዲያ እንደ ድሮው አያንጠባጥብም፤ ይደፋዋል። የእኛ መሬት ደግሞ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ አንዴ ከጠገበ ግን ጠብታ አያሳልፍም። የተደፋው ሁሉ በላዩ ይሄዳል። የት ይሄዳል? ቁልቁል። ቁልቁል ያለው ማን ነው? መሬት በርካሽ ያገኘው፣ ከፍ ያለውን ቦታ መግዛት ያልቻለው፣ ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገው ሴት።

ይህን ሙቀት ያመጣው ጭስ የእኛ ጭስ አይደለም። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ኢትዮጵያ ወደ አየር የምትለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ያላጨስነው ጭስ እያሳለን ነው። ለዚህ ነው አገራችን በየዓለም ጉባኤው ፍትሕ ስትጠይቅ የኖረችው፤ በ2027 እ.ኤ.አ. ደግሞ 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። ያኔ የኢትዮጵያ ተወካዮች ተነሥተው «ጥፋቱ የሌለበት ለምን ይከፍላል?» ሲሉ እውነታቸውን ነው።

እኔ ግን እላለሁ፤ ያንኑ ጥያቄ ሉማሜም ውስጥ እንጠይቅ። ጥፋቱ የሌለበት ለምን ይከፍላል? ከላይ ግቢያችንን በሲሚንቶ ለብጠን፣ የጣሪያችንን ውኃ በአሸንዳ ሰብስበን ወደ ታችኛው ሰፈር የምንለቅ እኛ ነን። ፌስታሉን ቦይ ውስጥ የምንጥል እኛ ነን። የታችኛው ሰፈር እናት ግን ሌሊት ተነሥታ ውኃ በባልዲ ስትቀዳ ታድራለች። ዓለምን የምንጠይቀውን ፍትሕ ለጎረቤታችን መንፈግ አንችልም።

ድሬዳዋን አስታውሱ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ዝናቡ የጣለው ራቅ ብሎ በሐረርጌ ደጋ ነበር። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳር ዳሩን ይኖርበታል። በዚያች ሌሊት ደቻቱ ወንዝ ሆኖ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እነማን ነበሩ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ከወንዙ አፋፍ በቀር ቤት የሚሠሩበት ቦታ ያልነበራቸው ነበሩ። ጎርፍ ሰው አይመርጥም ይባላል። አትመኑ! ጎርፍ ይመርጣል፤ እኛ በመረጥንለት መንገድ ይሄዳል።

«ማዘጋጃ ቤቱ ይሥራው» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አዎ፣ ይሥራው። ግዴታው ነው። ግን ወገኔ፣ የሉማሜን የሚያህል ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጉልበቱ የቱን ያህል ነው? ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ገቢው ከኪራይና ከንግድ የሚሰበሰብ ነው፤ ጥያቄው ግን ውኃ፣ መንገድ፣ መብራት፣ ቄራ፣ ቆሻሻ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይመጣበታል። ብቻውን ከተውነው የሚሠራው የጮኸበትን ብቻ ነው። የሚጮኸው ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ ያለው ነው።

ስለዚህ እንርዳው። እንርዳው ስል እናጨብጭብለት ማለቴ አይደለም። እሱ የሌለውን እንስጠው፤ ያለውን ደግሞ በትክክል እንዲያውለው እንያዘው።

የሌለው ምንድን ነው? እውቀት ነው። ውኃው በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ የትኛው ድልድይ ሥር እንደሚታፈን በመዝገብ አልተጻፈም። የምታውቀው ሌሊቱን ውኃ ስትቀዳ ያደረችው እናት ናት። ከእሷ የሚበልጥ መሐንዲስ ለዚህ ሥራ የለም። እሷን ጠይቁ። እሷን ጻፉ። ከዚያ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ይምጣ፤ የእሷን ቃል በካርታ ላይ ያስቀምጠው።

ይህንን ማን ይሰበስበዋል ካላችሁ፣ ዕድሩ። በሉማሜ እያንዳንዱን ቤት በስም የሚያውቅ መዝገብ ያለው ዕድር ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ጡሩምባው፣ ዳኛው፣ ጸሐፊው ሁሉ የተሟላ ነው። እስከ ዛሬ ጡሩምባው የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ለምን? ሰው ከመሞቱ በፊት ቢነፋስ? ዕድርተኛው በዚህ ወር ስብሰባው ሌላውን አጀንዳ ለአንድ ሰዓት ያቆየውና ይህን ይጠይቅ፤ ባለፈው ክረምት ውኃ ማን ቤት ገባ? ስንት ጊዜ? አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ፣ ዐይነ ስውር፣ አራስ፣ ብቻውን የሚኖር አዛውንት በየትኛው ቤት አለ? ጸሐፊው ይጻፍ። ዝርዝሩ ማዘጋጃ ቤት ይግባ። ግልባጩም ዕድሩ ዘንድ ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየከተማው የተለመደ አሠራር አለ፤ ሰፈሩ ገንዘብ ያዋጣል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይጨምርበታል፣ ቦዩና የኮብልስቶን መንገዱ ይሠራል። ጥሩ ሥራ ብዙ ተሠርቶበታል፤ አልነቅፈውም። ግን ምን እንደሚከተል አስቡት። ቀድሞ ያዋጣ ሰፈር ቀድሞ ይሠራለታል። ቀድሞ የሚያዋጣው ያለው ነው። ያለው ደግሞ ከላይ ነው። ከላይ ድንጋይ ሲነጠፍ ውኃው መሬት ውስጥ መስረጉን ትቶ በፍጥነት ይወርዳል። ድሃው ያላዋጣበት ልማት ድሃው ቤት ጎርፍ ሆኖ ይገባል ማለት ነው! ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ግን እንዲህ ይሆናል፤ ዝም ካልን ዘንድሮም ይሆናል።

ስለዚህ ወረፋውን እንገልብጠው። ተራው በመዋጮ ሳይሆን በጎርፉ ይሁን። ውኃ ቀድሞ የሚገባበት ሰፈር ሥራም ቀድሞ ይግባበት። ብር የሌለው ጉልበት ያዋጣ፤ የአንድ ቀን ጉልበቱ በገንዘብ ተተምኖ ከመዋጮው እኩል ይቆጠርለት። ጉልበትም የሌላት አሮጊት ምንም አታዋጣ፤ እኛ እናዋጣላት።

ይህ አዲስ ነገር ነው እንዴ? የአባቶቻችን ደቦ ምን ነበር? ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋ ጦሙን እንዳያድር መንደሩ በሬውን ጠምዶ ይወጣላት አልነበረም? ቅድሚያ ለእሷ ነበር፤ ምክንያቱም የሚያርስላት ስለሌለ። ጎጃም ይህን ሕግ ከማንም አልተማረውም። የረሳነው ከተማ ስንገባ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ይህን ቀን ያዙት። በጀቱ ሲጸድቅ ቦዩ ከሌለበት ዓመቱን ሙሉ የለም። እንግዲህ ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝብ ይጥራ፤ ካልጠራ እኛ ሄደን እናስጠራው። ስብሰባው ደግሞ የቀን ሠራተኛው በሥራ ላይ፣ እናቶች በምጣድ ላይ ባሉበት ሰዓት አይሁን። እሑድ ይሁን፤ ወይ አመሻሹ ላይ። ተከራይም ይምጣ፤ ጎርፍ ሲገባ ካርታ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅምና። ሴቶች ከኋላ አይቀመጡ። መጀመሪያ የሚናገሩት ቤታቸው ውኃ የገባባቸው ይሁኑ፤ ሌሎቻችን ለአንድ ጊዜ እንስማ። የተወሰነው ተጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የትኛው ሰፈር፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ። ያልተለጠፈ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ቁጠሩት።

እናንተ በማዘጋጃ ቤቱና በወረዳው ወንበር ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ስንጠይቃችሁ እንደ ክስ አትስሙት። ከጎናችሁ ልንቆም ነው የመጣነው። በሩን ክፈቱልን፤ ዝርዝሩን ተቀበሉን፤ በወረፋው ሲገፏችሁ ዝርዝሩን አሳዩ። ባለ ሀብቱ «እኔ ቀድሜ ከፍያለሁ» ብሎ ቢመጣ፣ ከኋላችሁ ሕዝብ እንዳለ እወቁ።

ጎርፉን ብቻ አነሣሁ እንጂ ነገሩ ብዙ ነው። የጓዳችንን ጭስ ተመልከቱ። እኔ ያደግሁት እናቴ እንጀራ ስትጋግር ከዐይኗ እንባ ስታብስ እያየሁ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። አብዛኛው ጭስ በሴቶችና በጉያቸው ባሉ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊቆጥብ ይችላል፤ ላቀች የምንላት የከሰል ምድጃም ከሰል ትቆጥባለች። ሥራ አጥ ሴቶች ተደራጅተው እዚሁ ይሥሩት። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ይስጣቸው፤ ዕቁቡ ገዢ ይሁናቸው። በዕቁብ አልጋና ቁም ሣጥን እንገዛ የለም? በየሳምንቱ ለአንድ ቤት አንድ ምድጃ እንግዛ። የመጀመሪያው ዕጣ በሰፈሩ በጣም ለተቸገረችው ይውጣ።

ቆሻሻውንም እንዲሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጅ ግን ቦይ አይጠርግም። ዘንቢል ይዘን ገበያ እንውጣ! ዘንቢል የሚሰፉ እጆች ሉማሜ ውስጥ አሉ፤ ሥራ እንስጣቸው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት አንድ ነገር አሳይቶናል፤ ድሃው ከተማውን ሲያጸዳ፣ ሲያለማ፣ ችግኝ ሲንከባከብ ደመወዝ ይከፈለዋል። ከክልላችን ደሴ ከ11ዱ አንዷ ነበረች። ሉማሜም በአቅሟ ይህን ትሥራ። ለቦይ ጠረጋ የሚወጣው ብር መጀመሪያ ቦዩ ዳር ለሚኖረው ወጣት ይድረስ። ማንም ከእሱ የበለጠ ተግቶ አይጠርግም፤ ቤቱ ነውና።

ችግኝስ? መትከሉን ለምደናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነው፤ አምና በእጃችሁ የተከላችሁት ዛሬ የት አለ? ሄዳችሁ አይታችሁታል? በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ተራራ ተንዶ ከ1,000 በላይ ሰው ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ከንቲባዋ ኢቮን አኪ-ሶየር ለተከለ ብቻ ሳይሆን ላሳደገም የሚከፍል ሥራ ጀመሩ። ነዋሪው ችግኙን ይዞ እየተከታተለ፣ እየቆጠረ፣ ጸድቆ ሲገኝ ይከፈለዋል። እኛም ይህን እናድርግ። እያንዳንዱ ችግኝ ባለቤት ይኑረው፤ የቤት ስም ይጻፍበት። በቦዩ ዳርና በፈፋው ላይ ደሾ ሣርና ሰስባንያ፣ በየግቢው ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጥድ። ባሕር ዛፉን አልኮንንም፤ የስንቱ ድሃ የልጁ መማሪያ እሱ ነው። ምንጭ ራስ ላይ ግን አይተከል። በምንጭ ራስ ላይ ያለውን ለመንቀል ደግሞ ለባለቤቱ ካሳ ይከፈለው፤ ለሁላችን ጥቅም አንዱ ብቻ አይክሰር።

ዘሩን ከየት እናመጣለን እንዳትሉ። የየደብሩን ቅጥር ግቢ ተመልከቱ። አገሩ ሁሉ ሲመለጥ የደብሩ ዛፍ ቀርቷል፤ አባቶቻችን በክብር ስለጠበቁት። ካህናት አባቶች፣ ከዚያ ጥላ ሥር ሆናችሁ ስበኩልን። የመስጊዱ ኢማምም ይንገሩልን። ለአንድ ዓርብና ለአንድ እሑድ ስብከቱ ስለ ቦዩ ይሁን፤ እግዚአብሔር አይቆጣም።

ቀና ብላችሁ ጮቄን እዩት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን፣ ተምጫን ወልዶ ለዓባይ የሚሰጥ ተራራ ነው። ከእነሱ ጋር አፈራችን ይሄዳል። ያ አፈር በመጨረሻ የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ? ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከደመወዛችን፣ ከእህላችን፣ ከጠላ ሽያጫችን ቆርጠን ቦንድ የገዛንለት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ግድብ ውስጥ። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራውን ግድብ በአፈር እንዳንሞላው የሚጠብቀው ሰው ሩቅ አይደለም። በሉማሜ ፈፋ ላይ ሣር የሚተክለው ልጅ ነው።

አንችልም የሚል አለ? እምቦጭ ጣናን ሲወር፣ ከየአቅጣጫው መጥቶ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ማን ነበር? ሕዝብ ነው። ግድቡንስ? ሕዝብ ነው። የሉማሜ ቦይ ከጣና ይሰፋል? ከዓባይ ይከብዳል?

ጊዜው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ኑሮው ከብዷል፤ ልባችን ብዙ ሐዘን አይቷል። ለዚሁም ነው የምለው። ዝናቡ ሰላም እስኪሆን አይጠብቅም፤ ገበያው እስኪረክስ አይጠብቅም። በከባድ ጊዜ ተያይዞ የሚሠራ አንድ ነገር መኖሩ ራሱ ለሰው ብርታት ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በሐምሌ ዝናብ መሐል አካፋ ይዞ መሮጥ ይህ ነው። ዛሬ እንታጠቅ።

አንተ መምህር፣ ተማሪዎችህን ይዘህ ውጣ፤ የቦዩን ርዝመት በእርምጃ ይለኩ፤ የተደፈነበትን ይጻፉ። አንቺ ነጋዴ፣ ከሱቅሽ ፊት ያለውን አሥር ሜትር ያዢ። አንተ የጋሪ ልጅ፣ ለአንድ እሑድ ጋሪህን ለደለል አውሰን። ጋሼ፣ ያ የድሮ ምንጭ የት እንደነበር ንገሩን። እማማ፣ ውኃው በየት እንደሚገባ አሳዩን። እናንተ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ማዶ ያላችሁ የሉማሜ ልጆች፣ ለልቅሶ ገንዘብ ትልካላችሁ፤ ዘንድሮ ለልቅሶው ሳይሆን ለቦዩ ላኩ። ለሲሚንቶ ላኩ። ለምድጃ ላኩ። በዕድሩ በኩል ላኩ፤ ደረሰኙን ጠይቁ።

ስም ጻፉ። ቦዩን ለኩ። ስብሰባውን አስጠሩ። ዝርዝሩን አስለጥፉ። ከሐምሌ 1 በፊት!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ። የሌለው ባልዲ ይያዝ። ባልዲም የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ። የምንገናኘው ከላይ አይደለም፤ ግድግዳዋ ላይ መስመር ካለባት ሴት ደጅ ነው። ሥራውን ከእሷ በር እንጀምራለን፤ ሽቅብ እየጠረግን አስፋልቱ ዳር እስክንደርስ።